መድኃኒቱ መርዝ የሆነው መቼ ነው?

የዚህን ጽሑፍ ጥያቄ ያቀረበልን ፈላስፋ አይደለም። ያቀረቡልን አንዲት የቡኢ እናት ናቸው። ቡኢ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፎ የምትገኝ፣ ከዋና ከተማው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። እኛ ወደዚያ የወረድነው ለጉብኝት አልነበረም። አንድ ጓደኛችንን ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛችን (ስሙን አንጠራም፤ ስሙ ለነገሩ ምንም አይጨምርም) ከእኛ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር ተማሪ ነበር። ፈተና ሲቃረብ ጫት ይቅማል። እኛም እንቅማለን፤ እንዲያው እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከመካከላችን ያልቃመ ማን አለ? ምርቃናው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያስጠናል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይን አይከደንም። አንዳንዳችን ለጨብሲ ወደ መጠጥ ቤት እንወጣለን፤ ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ እንሰብራለን። እሱ መጠጥ አይወድም ነበርና ሌላ መላ አገኘ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ዲያዜፓም የሚሸጥለት ሰው አገኘ።

መጀመሪያ የቃመ ዕለት ብቻ አንድ ፍሬ ይውጥ ነበር። ቀጥሎ በየማታው ሆነ። ቀጥሎ ጫቱን ተወው፤ ኪኒኗ ግን ቀረች። ሦስተኛ ዓመት ስንደርስ በአንድ ማታ አራት ፍሬ ይበቃው እንደሆነ እንጃ። ጠዋት ጠዋት ይፈዛል፤ የነገርነውን ይረሳል፤ ኪኒኗ ያለቀች ዕለት ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል።

እኛም እንደ ልማዳችን ስብሰባ ተቀመጥን። ውሳኔ አሳለፍን። «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተወው» አልነው። ቃል አስገባነው። የቀረችውን ኪኒን ፊቱ ቆጥረን ሽንት ቤት ጨመርናት። አይ ጊዜ! ያን ማታ አንድ ትልቅ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። በማግስቱ አላበው፤ በሦስተኛው ቀን ምግብ አልቀምስ አለ፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። «ሐራራ ነው፤ ያልፋል» ተባባልን፤ ወጥቶ እንዳይገዛም በሩን ቆለፍንበት። በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጣለው። ምላሱን ነክሶ፣ አፉ ደም አረፋ ደፍቆ፣ መላ ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ ነው የነቃነው።

ሐኪም ቤት ስናደርሰው ሐኪሙ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀን። «ምን ይወስድ ነበር? መቼ አቆመ?» መለስንለት። ከዚያ ያደረገው ነገር አስደነገጠን፤ ያንኑ እኛ የጣልነውን ዓይነት መድኃኒት በመርፌ ሰጠው። ኋላም በኪኒን መልክ መጠኑ እየታየ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ፣ ብዙ ወራት እንዲወስድ ታዘዘለት። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቡኢ ወረደ። ኪኒኑን የሚያስቀምጡለት እናቱ ሆኑ።

የሄድንበት ወቅት የጥቅምት አቦ ሰሞን ነበር። እናቱ ከምድረ ከብድ ተመልሰዋል፤ ቆጮና አይብ አቀረቡልን፤ ስለ ደረሰው ነገር አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። ቡና ከተጠጣ በኋላ ግን እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፣ መጀመሪያ መድኃኒት ነው ተባልኩ። ቀጥሎ እናንተ መርዝ ነው ብላችሁ ጣላችሁት። አሁን ደግሞ ሐኪሙ መድኃኒት ነው ብሎ መልሶ ሰጠው። እኔ አልተማርኩም፤ እናንተ ተምራችኋል። እስቲ ንገሩኝ፤ መርዝ የሆነው መቼ ነው?»

ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች አንገታችንን ደፋን። ይህች ጽሑፍ ያን ዕለት ያልመለስነውን ጥያቄ ዘግይተን ለመመለስ የምናደርጋት ሙከራ ናት።

በቋንቋችን መድኃኒት የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ፊት አለው። ሥሩ ከዳነ፣ ከድኅነት ጋር አንድ ነው፤ ክርስቲያኑ አምላኩን መድኃኔ ዓለም ይለዋል። ነገር ግን «እገሊት መድኃኒት ጠጣች» የሚል ወሬ የሰማ ሰው ለለቅሶ ነጠላውን ያነሣል። አባቶቻችን አንዱን ቃል ለሁለቱም ያዋሉት ቃል ቸግሯቸው አይመስለንም። ያው ቅጠል፣ ያው ሥር፣ እንደ መጠኑና እንደ ሰጪው እጅ እንደሚያድንም እንደሚገድልም ያውቁ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ የእናታችን ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። ዓለምም ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒኖችን ታሪክ ባጭሩ እንመልከት። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባርቢቹሬት የተባሉት መድኃኒቶች ወጡ፤ ከነዚህ አንዱ ፌኖባርቢታል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ ቀረበ። በመጠን ጥቂት ያለፈ ሰው እንደተኛ የሚቀርባቸው አደገኛ መድኃኒቶች ነበሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1963 ዲያዜፓም ቫልየም በሚል ስም ሲወጣ ዓለም እፎይ አለ። ከቀድሞዎቹ ይልቅ በጣም የተሻለ ነበርና ሐኪሙ ያለ ሥጋት ያዘው፤ ሕዝቡም ያለ ሥጋት ዋጠው። በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሁሉ አብልጠው ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። እስኪታወቅ ግን ጊዜ ወሰደ እንጂ ይኸኛውም ሰውነትን ያስለምዳል። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ይህን ኪኒን ማቆም ላቃታቸው ሰዎች ክሊኒክ ከፍተው ነበር። ወደ ክሊኒኩ የመጡት ወንበዴዎች አልነበሩም። ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን በታዘዙት መጠን ለዓመታት የወሰዱ፣ በአመዛኙ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ በነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ማሸጊያ ላይ ስለ ጥገኝነታቸውና በድንገት ስለ ማቆም አደጋ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲታከል ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከ1963 እስከ 2020 ስንት ዓመት እንደ ሆነ አንባቢ ይቁጠረው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አግኝተዋል። ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። የነዚህ ሰዎች ዋና መድኃኒት፣ ርካሽ በመሆኑ፣ ያው የ1912ቱ ፌኖባርቢታል ነው። ፌኖባርቢታል ደግሞ ከእንቅልፍ መድኃኒቶች ወገን ነው። ለዓመታት የወሰደው ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ በድንገት ቢያቋርጠው ከቀድሞው የባሰ ሊጥለው ይችላል። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ይህን በሽተኛ «ሱሰኛ» የሚለው ማን ነው? ማንም አይለውም። ጓደኛችንን ግን «ሱሰኛ» ብለነዋል፤ ብሶብን «ጀዝባ» ብለነዋል። ሁለቱም ማታ ማታ ኪኒን ይውጣሉ፤ ሁለቱም ቢያቆሙ ይወድቃሉ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? በሰውነታቸው ውስጥ አይደለም። ሰውነት የለመደውን ቢጠይቅ ኃጢአት የለበትም፤ ሰውነት ሕግ አያውቅም። ልዩነቱ አንደኛው መድኃኒቱን የሚወስደው በሚያውቅ ሰው ዓይን ሥር፣ በመጠን፣ ለታወቀ ምክንያት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብቻውን ነው፤ መጠኑን የሚወስንለት ፍርሃቱ ነው፤ ምክንያቱንም እሱ ራሱ ረስቶታል።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ ተቃወመን፤ ተቃውሞውም የዋዛ አይደለምና እንጻፈው። «በሽተኛው በሽታውን አልመረጠም። ጓደኛችን ግን የመጀመሪያዋን ፍሬ በገዛ እጁ ነው የዋጠው። አርስጣጣሊስ እኮ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን መመለስ ባይችልም መወርወሩ በእጁ ነበር ይላል። ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው ማንም አይወቅሰውም፤ በስካር ዓይኑን ያጠፋውን ግን ሁሉ ይወቅሰዋል ይላል። ኃላፊነት የሚባል ነገር ካልቀረ በስተቀር፣ ሁለቱን እንዴት እኩል ታደርጋላችሁ?»

ይህን ክርክር ለብዙ ማታ ተከራክረናል። መጀመሪያ የመለስነው «ድንጋዩን ማን አቀበለው?» በማለት ነበር። ያለ ማዘዣ የሸጠለት አለ። ጫቱን አብረን የቃምን እኛ አለን። እንቅልፍ አጥቶ እንዲያነብ የሚያደርገው የፈተና ጭንቀት አለ። ወንድማችን ግን ይህ መልስ አላረካውም፤ እውነቱን ነው። ኃላፊነትን ለመቶ ሰው ማካፈል መልሶ ለማንም አለመስጠት ሊሆን ይችላል።

ቆይተን የደረስንበት መልስ ሌላ ነው። ይኸውም ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርገን መያዛችን ነው ያሳሳተን። «ጥፋቱ የማን ነው?» አንድ ጥያቄ ነው። «ምን ይደረግለት?» ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው አይመለስም ያለ ማን ነው? ዕድራችንን እንይ። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ዳኛው ተነሥቶ «ሟቹ ጤናውን በደንብ ጠብቆ ነበር ወይስ በራሱ ጥፋት ነው የሞተው?» ብሎ ሲመረምር፣ «ይህስ አይገባውም፤ ሬሳውን ተዉት» ሲል ሰምተን አናውቅም። ለሬሳ የማንጠይቀውን ጥያቄ ለምን ለቁም ሰው እንጠይቃለን? ለሞተው ይህን ያህል ቸር የሆነ ሕዝብ በቁሙ ለሚወድቀው ንፉግ የሚሆነው ለምንድን ነው? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይሉ የለ!

ይህ የኛ ጓደኛ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የዚህችን መጽሔት ገጽ ባላጣበብን ነበር። ግን አይደለም። የሱስ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን ፊልም ላይ ያየነው የሄሮይን መርፌ ነው የሚታየን፤ «ያ የውጭ አገር ጣጣ ነው» ብለን እናልፋለን። የኛ ግን ከቤታችን ነው ያለው፤ በብርጭቆ ውስጥ፣ በእስር ጫት ውስጥ፣ በኪስ ውስጥ ባለች ኪኒን። በዚያው በሶዶ ወረዳ በ1,500 ጎልማሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከመቶ ወንድ 25.8፣ ከመቶ ሴት 2.4 የሚሆኑት ከመጠጥ የተነሣ ችግር ላይ ናቸው። ይልቁንም እኛን ያስደነገጠን የሚቀጥለው ቁጥር ነው። ችግሩ ከጠናባቸው ከመቶው 87ቱ ምንም ዓይነት እርዳታ ፈልገው አያውቁም። ከመቶው 70ዎቹም በራሳቸው ያፍራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ግን ማን ነው እንዲደብቅ ያደረገው? ስም ያወጣንለት እኛ አይደለን?

ስለ ጫትም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት በቡታጅራ ገጠር ከተጠየቁ 10,468 ሰዎች ግማሾቹ በወቅቱ ቃሚዎች ነበሩ። ከቃሚዎቹ ከመቶ 80ዎቹ የሚቅሙት ለጸሎት ልባቸውን ለመሰብሰብ እንደ ሆነ ተናግረዋል። በየቀኑ የሚቅሙት ከቃሚዎቹ ከመቶ 17.4 ነበሩ። ስለዚህ ያ ቅጠል ለአንዱ የጸሎት ጓደኛ፣ ለአንዱ ገበሬ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ለሌላው ደግሞ ሲተወው በሕልሙ የሚያስጨንቀው ዱካክ ነው። «ጫት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጮህ የያዘውን ሰው አንዲት ሌሊት አያስተኛውም። ሰውየውን ቀርቦ «ላንተ ምን ሆኖብሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችን እንምጣ፤ ወደ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተወው»። እኛ አበሾች ቁርጥ ውሳኔ እንወዳለን። «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ ብርጭቆውን የሰበረ ሰው ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። ይህ ለአንዳንድ ነገር ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዕፅ የየራሱ ጠባይ አለው። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይቅበጠበጣል፤ እንዲያንዘፈዝፈው ግን አይጠበቅም። ለረጅም ጊዜ ብዙ አልኮል የጠጣ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን አንጎሉ ልጓሙ እንደ ተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ መጣል ይመጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ለዚህ ነው ፕሮፌሰር አሽተን ለበሽተኞቻቸው ከሚወስዱት መጠን በየአንድና በየሁለት ሳምንቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ እንዲቀንሱ ይመክሩ የነበረው። ይህም ወራት ይፈጃል፤ ለአንዳንዱ ከዓመት በላይ ይሄዳል። መንገዱም የሚሄደው ከሐኪም ጋር ነው። የኛ አያቶች ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። እኛ ግን እንቁላሉን ሰብረን ጫጩት ልናወጣ ሞከርን።

ከዚህ የምንማረው የሕክምና ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የግብረ ገብ ትምህርትም አለው። ፈቃድ የሚባለው ነገር እንደ ጦር ሜዳ ጩኸት አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያልቅ ከመሰለን ተሳስተናል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ፍሬ መቀነስ፣ እንቅልፍ ያጡበትን ሌሊት ማሳለፍ፣ ጠዋት እንደ ገና መነሣት፣ ይህን ሁሉ ለስምንትና ለዘጠኝ ወር ማድረግ ከአንድ ማታ ጀግንነት የበለጠ ጽናት ይጠይቃል። ለዚያ ኃላፊነት ለጠየቀን ወንድማችንም መልሳችን እዚህ ላይ ነው። ኃላፊነት አይቀርም። ነገር ግን በወደቀ ሰው ጫንቃ ላይ በአንድ ቀን የሚጫን ሸክም አይደለም። የኪኒኑ መጠን እየቀነሰ ሲሄድ የሰውየው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። ዛሬ እናቱ ይቆጥሩለታል፤ ነገ አብረው ይቆጥራሉ፤ ከነገ ወዲያ ራሱ ይቆጥራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ሐኪም ያውቃል» ብሎ መተው አንዱ ነው። ሐኪም ማወቁ እውነት ነው፤ ግን ሐኪሙ ከሰውየው ጋር በወር አንድ ቀን ነው የሚገናኘው። በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ አብሮ በተካሄደ ፕራይም በተባለ ፕሮግራም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን፣ ድባቴን፣ የሚጥል በሽታንና የመጠጥን ችግር እዚያው በሰፈራቸው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። አማኑኤል ድረስ መምጣት ለማይችል የገጠር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእንቅልፍ ኪኒንና ጫት ግን ከነዚያ አራት ሕመሞች ተርታ አልተጻፉም። ለሄሮይን ሱስ ሜታዶን የሚባል ምትክ መድኃኒት ተገኝቷል። ለጫት እንዲህ ያለ የተረጋገጠ ምትክ የለም፤ ለእንቅልፍ ኪኒንም ዋናው መፍትሔ ቀስ ብሎ መቀነስና ጊዜ ነው። መድኃኒት በሌለበት ቦታ የሚቀረው መድኃኒት ሰው ነው ማለት ነው። ሕጉም ቢሆን በሩን ከሻጩ በኩል ነው የሚዘጋው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ነው፤ ግን ቀድሞ ወደ ውስጥ የገባውን ሰው እጁን ይዞ የሚያወጣ አዋጅ የለም።

እጅ የሚይዘው ጎረቤት ነው፤ ጓደኛ ነው፤ ዕድር ነው። እኛ ከስሕተታችን የተማርነውን ብንዘረዝር ይህን ያህል ነው። ሰው የለመደውን ኪኒን ወይም መጠጥ በጉልበት አትንጠቁ፤ በድንገት እንዲያቆምም አታስገድዱ፤ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ። ምን ያህል እንደሚወስድ ሳይፈራ እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ የሚፈራ ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ የተቀነሰ ቁጥር ደግሞ ሐኪሙን ያሳስታል። ኪኒኑን ሌላ ሰው እንዲይዝለት ከተስማማ ይያዝለት፤ ስምምነቱ ግን የሱ ይሁን። እንቅልፍ ባጣ ሌሊት አጠገቡ የሚቀመጥ ይኑር። ሥራ አታስፈቱት፤ ሥራ የፈታ ሰው የቀኑ ርዝመት ራሱ ይገድለዋል። አንድ ቀን ተሸንፎ ቢገኝ «አላልንም?» አትበሉት። «ጀዝባ» የሚለውን ስም ደግሞ ከአፋችን እናውጣው፤ ስም ያስወጣል እንጂ ሱስ አያስወጣም።

ስለ ጠበልም አንድ ቃል እንጨምር። ከመካከላችን ጠበልን የሚንቁ ነበሩ፤ የቡኢ እናት ግን አስተማሩን። ልጃቸውን ምድረ ከብድ ወስደውታል፤ ኪኒኑንም በሰዓቱ ውጦ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበላቸውን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መናገራቸው ይታወሳል። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈው አንዱ ሌላውን ስላልከለከለ ነው። በሰንሰለት አስሮ መድኃኒት ማስጣልና እምነት አንድ አይደሉም። እኛ በሩን ቆልፈን ያደረግነውም ከሰንሰለቱ አይለይም ነበር፤ የኛ ሰንሰለት የተማረ ሰው ሰንሰለት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

«ሰዉ ለራሱ ችግር አለበት፤ ለሌላ ሰው ሱስ ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ወደ ቡኢ የሚወስደውን መንገድ እናስታውሰው። በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌና የአካባቢው ተወላጆች የመንግሥትን እጅ ብቻ ቁጭ ብለው ሳይጠብቁ፣ ከዓለምገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ ለማሠራት ድርጅት አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ። ነጋዴው ከሱቁ፣ ገበሬው ከማጀቱ ነበር የሰጠው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ማለት ይህ ነው። እኛም ለይቅርታ የተጓዝነው በዚያው መስመር ላይ ነው። መንገድ መሥራት የሚችል ሕዝብ አንድን ሰው ለዘጠኝ ወር መደገፍ ያቅተዋል ብለን አናምንም። ያቃተው ሳይሆን አዋጡ ብሎ የጠየቀው የለም። ከየዕድሩ ለቀብር ከሚዋጣው ላይ አንዲት ሳንቲም፣ ከየአባሉ አንዲት ሌሊት ለቁም ሰው ብትውል ምን ይጎዳል?

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። መድኃኒቱ መርዝ የሆነው መቼ ነው? አንድ ጊዜ መርዝ የሆነው ያለ ሐኪም፣ ያለ መጠን፣ በድብቅ ሲዋጥ ነው። ሁለተኛ ጊዜ መርዝ የሆነው እኛ ሳናውቅ በአንድ ማታ ስናስጥለው ነው። ከሁለቱ መርዞች የትኛው እንደሚከፋ ስንመዝን፣ ሊገድለው የነበረው ሁለተኛው ነው። እሱንም ያደረግነው በፍቅር ነው። ያላወቀ ፍቅርም መጠን ያስፈልገዋል።

በቅርቡ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ቡኢ ስንወርድ ይህን መልስ በወረቀት ጽፈን ይዘን ነበር። ጓደኛችን ከስቷል፤ ግን ዓይኑ ጠርቷል፤ ከቀድሞው መጠን የቀረው ከአንድ ፍሬ ያነሰ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሊመለስ አስቧል። ለእናቱ የጻፍነውን አነበብንላቸው። ጨርሰን ቀና ስንል እናታችን ሥራቸውን አላቆሙም፤ ለልጃቸው የማታውን ፍሬ በምላጭ ለሁለት እየከፈሉ ነበር።

«ጥሩ ጽፋችኋል፤» አሉን። «እኔ ግን የጠየቅኋችሁ መልስ አጥቼ አይደለም። ሁለተኛ ሳትጠይቁ እንዳትጥሉ ብዬ ነው።»